ሁለተኛዋ መስመር

ለአዘጋጁ፦

ስለ ኤች አይ ቪ ክትባት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ከነከነችኝ፤ «ሰውነት አንቲቦዲ ካመረተ ይከላከላል» የምትለዋ። አንቲቦዲ ሰውነት ቫይረስንና ሌላ ጀርምን ለመዋጋት የሚሠራው ፕሮቲን ነው።

እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምውለው። ከጣት ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስደን የኤች አይ ቪ መመርመሪያዋ ላይ ስናደርግ፣ ቫይረሱ መኖሩን የምትጠቁመው ሁለተኛዋ መስመር ብቅ የምትለው እኮ አንቲቦዲ ስላለ ነው! ቫይረሱ ግን እዚያው ደሙ ውስጥ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው አንቲቦዲ ቫይረሱ ላይ ይለጠፋል እንጂ አያስቆመውም። ቫይረሱ የለበሰው ስኳር የራሳችን ሴል የሠራው ስለሆነ፣ ሰውነት እንደ ባዳ አያየውም። የሚያስቆም አንቲቦዲ ሲመጣበት ደግሞ መልኩን ይቀይራል። አንቲቦዲ የሚሠሩት ቢ ሴሎች ሊምፍ ኖድ (ንፍፊት) ውስጥ አንቲቦዲያቸውን ደጋግመው ያሻሽላሉ፤ ቫይረሱ እንደገና ያመልጣል። የአይጥና የድመት ሩጫ ነው። ከዓመታት በኋላ ከታማሚዎቹ ጥቂቶቹ ብዙ የቫይረሱን ዝርያዎች የሚያመክን አንቲቦዲ ያወጣሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ካፕሪሳ በተባለው የኤድስ ምርምር ማዕከል ጥናት የታቀፈች አንዲት ሴት እንዲህ ያለ ድንቅ አንቲቦዲ ሰጥታለች። የራሷ ቫይረስ ግን ቀድሞ አምልጧት ነበር። ያናድዳል!

ቪአርሲ01 የተባለው አንቲቦዲም በየስምንት ሳምንቱ በደም ሥር እየተሰጠ ተሞክሯል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት በጥቅሉ መከላከል እንዳልቻለ አሳየ። በቀላሉ በሚረታለት ዝርያ ላይ ግን 75 በመቶ ገደማ ሠርቷል። አንዱ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ለዚህም አሁን ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ እየሞከሩ ነው።

እባካችሁ ያቺን ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም አርሟት። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ውጤቱን ሲሰማ «ታዲያ አንቲቦዲ ካለኝ ምን ያስፈራኛል?» ብሎኛል።