ለደሴ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ፦ «ወንድ ሁን» እየተባሉ ከትምህርት ስለሚሸሹ ልጆች

ለተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የደሴ ነዋሪና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የጻፍኩላችሁ ስለ ክፍል ጥበት ወይም ስለ መጽሐፍ እጥረት አይደለም፤ እሱን ሌሎች ወላጆችም ይነግሯችኋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ትምህርት ቤቶቻችን ሳያስቡት የሚያስተምሩት ሌላ ትምህርት ነው። ወንድ እንዲህ ነው፣ ሴት እንዲህ ናት፣ ወንዱ ሴቷን ያሳድዳል፣ ሴቷ ትጠበቃለች፣ መጨረሻቸውም ትዳር ነው። በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም። ልጆቹ ግን ከሒሳብም ከእንግሊዝኛም በላይ የሚይዙት እሱን ነው።

ክፍል ሲጠረግ መጥረጊያው ለሴቶቹ ይሰጣል። ዴስክ የሚሸከሙት ወንዶቹ ናቸው። የበዓል ዝግጅት ሲኖር ቡና የሚያፈሉት ሴት ተማሪዎች ናቸው፤ ወንዶቹ ወንበር ደርድረው ይቀመጣሉ። ማንም በክፋት አያደርገውም፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ድምፁ የቀጠነ ልጅ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ «ሴታሴት» ይባላል። ኳስ የምትወድ ልጅ «ወንዳወንድ» ትባላለች። ሴት ጓደኛ ያልያዘ ጎረምሳ ይሾፍበታል፤ እናም ለመጥበስ ሳይሆን ጓደኞቹ ዝም እንዲሉለት ብሎ አንዷን መንገድ ላይ ይለክፋል። የተለከፈችው ልጅ ለቤተሰቧ ብትናገር «አንቺስ ምን ለብሰሽ ነበር?» ነው መልሱ።

ትንሹ ልጄ ዝምተኛ ነው። ከእናቱ ጋር ወጥ ቤት መዋል ይወዳል። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ጀመረ። ሆዴን አመመኝ ይላል። ሐኪም ጋ ወሰድነው፤ ምንም የለበትም። በኋላ እህቱ ነገረችን፦ ክፍል ውስጥ በሴት ስም ነው የሚጠሩት። መምህሩን ሄጄ አነጋገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ልጆቹን ይወዳል። «አይዞዎት ጋሼ፣ ኳስ ያስጀምሩት፣ ይጠነክራል» አለኝ። ሰዳቢዎቹን የጠየቃቸው የለም። መታረም ያለበት የእኔ ልጅ ሆነ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። «ይሄ ነገር ወዴት ሊያመራ ነው?» ይላል። ስለዚህ በግልጽ ልናገር። ልቡ ወደ ተቃራኒ ጾታ የማያዘነብል ልጅም በመካከላችን ሊኖር ይችላል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕጋችን በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸመውን ግብረ ሥጋ በአንቀጽ 629 ወንጀል አድርጎታል። ዛሬ ስለዚያ አንቀጽ ልከራከር አይደለም። ነገር ግን ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው። ልጅን በአረማመዱ ስደቡት፣ በድምፁ ምቱት፣ ከክፍል አባርሩት የሚል ሕግ አገራችን ውስጥ የለም። ማንነቱ ገና ያልለየለት የ13 ዓመት ልጅ በአካሄዱ ሊፈረድበት አይገባም። ቢለይለትም ትምህርት ቤቱ የእሱም ነው።

ስለዚህ ነገር ዝም ማለታችን ሌላም ጉዳት አለው። የዚያው ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲደነግግ ተጠቂዋን ሴት፣ ድርጊቱንም ከጋብቻ ውጭ የሆነ አድርጎ ነው። በወንድ ልጅ ላይ ወንድ የሚፈጽመው ጥቃት በሌላ አንቀጽ፣ በ631፣ ያስቀጣል። ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ሰዉ ግን «ወንድ ልጅ አይደፈርም» ብሎ ያምናል። ስለዚህ ጥቃት የደረሰበት ልጅ ቢናገር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራሱ ነው፤ ወንድነቱን ያጣ ይመስለዋል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ያደገ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለማን ይናገራል? በየትምህርት ቤቱ የሥርዓተ ጾታ ክበብ አለ፤ ጥሩ ነው። ክበቡ ግን የሴቶች ጉዳይ ተብሎ ስለተያዘ ወንዶቹ በበሩም አያልፉም።

እኛ ወሎዬዎች ደግሞ የዚህን ነገር ዋጋ ከማንም በላይ እናውቃለን። ሴት ልጅ ገና ሳትማር ዓረብ አገር ትሄዳለች፤ የሰው ቤት ሥራ ለሴት ያለ ነው ተብሎ ነዋ። ወንዱ በጅቡቲ አድርጎ፣ በጀልባ ተሻግሮ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ ሳዑዲ ለመግባት ይሞክራል። ድህነቱ እውነት ነው፤ አልክድም። ግን እናቱ ቤት የተቀመጠ ወንድ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቃለን። ስንቱ ከዚያ ስም ሸሽቶ ባሕር ገባ!

«ባህላችን ነው» ለሚሉም አንድ ነገር ላንሳ። ደሴ ገበያ ውስጥ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ የሚሰፋው ማነው? አብዛኛው ወንድ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ በሐምሌ 2009 የተመረቀውን የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብታዩ ደግሞ መስፊያው ላይ የተደረደሩት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። ሥራው ያው ስፌት ነው። እዚህ የወንድ ሙያ፣ እዚያ የሴት። ሽመናም የወንድ ነው፣ ፈትሉ የሴት። እነዚህን ነገሮች የደለደልናቸው እኛው ነን፤ ሲያስፈልገንም ስንለውጣቸው ኖረናል።

ትዳሩም ቢሆን እንዲሁ ነው። የከተማችን ስመ ጥር ትምህርት ቤት በሴት ስም፣ በንጉሥ ሚካኤል ልጅ በወይዘሮ ስሂን ነው የተጠራው። የወይዘሮ ስሂን ልጅ እቴጌ መነን ደግሞ በ1903 ተፈሪ መኮንንን ከማግባታቸው በፊት ሌላ ትዳር ነበራቸው፣ ልጆችም ወልደው ነበር። ያ እቴጌ ከመሆን አላገዳቸውም። ዛሬ የገጠር ልጅ በ15 ዓመቷ ተድራ፣ ፈትታ፣ ደሴ መጥታ ሰው ቤት እየሠራች ማታ ስትማር «ፈት ናት» እየተባለ ይወራባታል። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ያደረገው እኮ ለእሷ ነበር። እኛ ግን በልጅነቷ መዳሯን ሳይሆን መፍታቷን ነው የምንቆጥረው።

የምጠይቃችሁ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። «ሴታሴት»፣ «ወንዳወንድ»፣ «ፈት» እያሉ ተማሪን መስደብ እንደ ብሔርና እንደ ሃይማኖት ስድብ በትምህርት ቤት ደንብ ይከልከል፤ ደንቡ መምህሩም ከተሳደበ እሱንም ይመልከት። የጽዳትና የሸክም ተራ በስም ዝርዝር ይሁን። ሱፐርቫይዘሮቻችሁ ትምህርት ቤት ሲወጡ ይህንንም ይዩልን። ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምለምናችሁ ግን በየትምህርት ቤቱ ወንድም ሴትም ተማሪ በሩን ዘግቶ የሚያናግራቸው፣ ሰምተው ለግቢው ሁሉ የማይበትኑ፣ አንቀጽ 631ንም የሚያውቁ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መምህር እንድትመድቡልን ነው።

መስከረም ላይ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት መልሳችሁን በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ብትለጥፉልን ወላጅ ሁሉ ያየዋል። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ ተገኝቼ እንዳስረዳ ብትጠሩኝም እመጣለሁ፤ ሌሎች ወላጆችንም ይዤ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የተማሪ ወላጅ፣ ደሴ