የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ መልእክቱ የት ላይ ይዘገያል?

ክበባችን ዘንድሮ ያተኮረው በሥርዓተ ነርቭ ላይ ነው። አንጎልና ህብለ ሰረሰር፣ ከእነሱ የሚወጡት 12 ጥንድ የአንጎልና 31 ጥንድ የህብለ ሰረሰር ነርቮች በክፍል ትምህርት ስለሚሸፈኑ ብዙ አልቆየንባቸውም። ጊዜውን የወሰደው ሰው ላየው ነገር ምላሽ ለመስጠት የሚወስድበትን ጊዜ መለካት ነው።

ማስመሪያ ጥሎ መያዝ ቀላል ይመስላል፤ በቀላሉም ይበላሻል። ተፈታኙ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፣ ጣቶቹን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍቶ ከዜሮው ትይዩ ይጠብቃል። ጓደኛው ሳያስጠነቅቅ ይለቃል። 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ከተያዘ 0.2 ሰከንድ አልፏል ማለት ነው። ችግር የሚፈጥረው ብዙ ጊዜ ለቃቂው ነው፤ ሊለቅ ሲል አውራ ጣቱ ቀድሞ ይነቃነቃል፣ ወይም ሁሌ በተመሳሳይ ፋታ ይለቃል። ስለዚህ ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች የተያዘውን ሰርዘናል። 0.14 ሰከንድ ዓይቶ ለመያዝ አይበቃም፤ ግምት ነው።

ታዲያ 0.2 ሰከንዱ የት ገባ? አክሶኑ (መልእክቱን የሚያስተላልፈው ረጅሙ የነርቭ ሕዋስ ክር) ላይ አይደለም። ማየሊን የተባለውን የስብ ሽፋን የለበሱ ፈጣን ነርቮች በሰከንድ ከ50 ሜትር በላይ ስለሚያስተላልፉ፣ ከአንጎል እስከ እጅ ያለው 1 ሜትር ያህል መንገድ 0.02 ሰከንድ ገደማ ቢወስድ ነው። ቀሪው በሬቲና (ብርሃን ተቀባዩ የዓይን ክፍል)፣ በሲናፕሶች (የነርቭ ሕዋሳት መገናኛዎች) ሰንሰለትና በጡንቻው መኮማተር ያልቃል።

የጉልበት ሪፍሌክስ፣ ማለትም ከጉልበት በታች መታ ሲደረግ እግር በራሱ የሚወረወርበት ምላሽ፣ ይህንኑ ያረጋግጣል። ስሜት አምጪው ነርቭ ከእንቅስቃሴ ነርቩ ጋር በአንድ ሲናፕስ ብቻ ስለሚገናኝ ጡንቻው ከ0.05 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መኮማተር ይጀምራል፤ አንጎል የሚያውቀው ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ተፈታኙ ጭኑን ካወጠረ ግን ምንም ላይታይ ይችላል። ያን ጊዜ የሁለት እጁን ጣቶች አቆላልፎ ወደ ጎን እንዲጎትት ማድረግ ምላሹን ያጎላዋል።

አክሶኑን በዶሚኖ ድርድር አሳየን። ግፊቱ ካነሰ የመጀመሪያው አይወድቅም፤ ከበቃ ደግሞ ጠንክሮ መግፋት መጨረሻው ላይ ለውጥ አያመጣም። ነርቩም በውስጡና በውጭው መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት −70 ሚሊ ቮልት ላይ ቆይቶ ወደ −55 ገደማ ሲደርስ ሶዲየም ገብቶ ወደ +30 ያወጣዋል። ወደ ነበረበት የሚመልሰው በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለው የሶዲየም–ፖታሲየም ፓምፕ ነው የሚለው የብዙ ተማሪዎች ስህተት ነው፤ የሚመልሰው የፖታሲየም መውጣት ነው። ፓምፑ 3 ሶዲየም እያስወጣ 2 ፖታሲየም እያስገባ የረጅም ጊዜውን ሚዛን ይጠብቃል።

ለከርሞ የማስመሪያው ሙከራ ዓይን ተጨፍኖ በድምፅ ምልክት ይደገማል። ለድምፅ የምንሰጠው ምላሽ ከማየት ስለሚፈጥን የ10 ሳንቲ ሜትሩ ገደብ ዝቅ ማለት ይኖርበታል።