እንቁላሉን በዶሮ ዋጋ የገዛነው እኛ ነን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የቴክኖሎጂ ገጽ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ሱቄ ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ደግሞ ጮክ ብዬ ለልጆቹ። ጸሐፊው አዲስ የወጣ የበረራ ሲሙሌተር (አውሮፕላን ማብረርን የሚያስመስል የኮምፒውተር ጨዋታ) እየተቆራረጠ አስቸገረን የሚሉትን ተጫዋቾች "የዘመኑ ልጅ ትዕግሥት የለውም፣ ደግሞም ጨዋታ ነው እኮ" ብለው ገሥጸው ሲያበቁ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" በሚለው ዘጉት። ልጆቹ ሳቁ። እኔን አላሳቀኝም። እንቁላሉን የገዛሁት እኔ ነኛ፤ ያውም በዶሮ ዋጋ።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከጥገናው ጎን ሁለት ጠንከር ያሉ ማሽኖችና አንድ ያገለገለ የአውሮፕላን መሪ አሉኝ። ቅዳሜና እሑድ ልጆች በሰዓት እየከፈሉ ይበሩባቸዋል። ሌላው ጌም ቤት ኳስ ነው የሚጫወተው፣ የእኔ ደንበኞች ግን ከቦሌ ተነሥተው እዚሁ ጎንደር አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ማረፍ ነው የሚፈልጉት። ስለምናገርበት ሲሙሌተር ስሙን አልጠራም፤ ጠብ አልፈልግም፣ የገዛ ያውቀዋል።

አገዛዙን ልንገራችሁ። እኛ ጋ ኢንተርኔት ላይ በዶላር መክፈል ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ አሜሪካ ያለ የአጎቴ ልጅ ነው የገዛልኝ። 70 ዶላር። የውጭ ምንዛሬው በ2016 ዓ.ም ሐምሌ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ይህ በባንክ ዋጋ 4 ሺህ ብር ገደማ ነበር። አሁን ከእጥፍ በላይ ነው። ከዚያ ማውረዱ አለ። ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፣ ቀን ላይ ኔትወርኩ ስለሚንቀራፈፍ ሌሊት ሌሊት እያወረድኩ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ፤ በሁለተኛው ሌሊት መብራት ሄዶ ግማሹን እንደገና አስጀመረኝ። እስከዚህ ድረስ አንድም ቃል አላማረርኩም። መብራት የጠፋው በሲሙሌተሩ ሠሪዎች ጥፋት አይደለም።

የመጀመሪያዋ በረራ የተሰጠችው ለአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ይህ ልጅ ፓይለት መሆን ነው ሕልሙ፤ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አካዳሚ ውስጥ ያሉትን የሚንቀሳቀሱ ሲሙሌተሮች በቪዲዮ አይቶ አይቶ ቁልፎቹን በቃሉ ይዟቸዋል። ቦሌ ላይ ቆመን ቼክሊስቱን ጨረሰ። ሞተር አስነሣ። መንደርደር ሲጀምር ሥዕሉ ተንገጫገጨ። ቆመ። ዘለለ። እንደገና ቆመ። "ጋሼ፣ ስታክ አደረገ" አለኝ። አየሁት። በሰከንድ 12 ፍሬም።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ስክሪን ላይ የምናየው እንቅስቃሴ ተከታታይ ሥዕል ነው፤ አንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። ለበረራ ሲሙሌተር በሰከንድ 30 ሥዕል ካገኘህ ደኅና ነህ። ያ ማለት ማሽኑ ለአንዱ ሥዕል 33 ሚሊ ሰከንድ ብቻ አለው፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ ክንፉ ላይ ያለውን አየር ያሰላል፣ ደመናውን ያሰላል፣ ሌሎቹን አውሮፕላኖች ያንቀሳቅሳል፣ ኮክፒት ውስጥ ያሉትን ስክሪኖች ይሥላል፣ ከታች ያለውን ከተማ ከኢንተርኔት እየጎተተ ይዘረጋል። ከባድ ሥራ ነው፣ አልክድም።

እኔም ባለሙያ ነኝና ሁሉንም ዝቅ አደረግኩ። ጥላውን አጠፋሁ፣ ዛፉን ቀነስኩ፣ ሥዕሉ ጭቃ እስኪመስል ድረስ አወረድኩት። 12 የነበረው 14 ሆነ። በቃ። ያን ጊዜ ነው ችግሩ የገባኝ። ሥዕሉን የሚሥለው ግራፊክስ ካርድ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ሒሳቡን ከሚሠራው ፕሮሰሰር ውስጥ አንድ ኮር (ኮር ማለት አንድ ሠራተኛ በሉት) ብቻ ላቡ ጠብ ይላል፣ የቀሩት ኮሮች ያዛጋሉ። ድግስ ቤት አሥር ሴቶች ሽንኩርቱን ከትፈው ጨርሰው ወጡን የምታማስለው አንዲት ብቻ ስትሆን ማለት ነው። ሽንኩርት የሚከትፍ ብትጨምር ወጡ ቶሎ አይደርስም። ስለዚህ "ማሽን አሳድጉ" የሚለው ምክር ለእኔ አይሠራም፤ ውድ ካርድ ብገዛም ያው ነው።

ልጁ ግን አልተወም። እየተንገጫገጨ ተነሣ፣ የዓባይን ሸለቆ ተሻገረ፣ ጣናን በግራው አድርጎ ወደ አዘዞ ወረደ። ከፍ ብሎ ሲበር ደኅና ነበር፣ ከተማ ሲቀርብ ነው የሚያመው። ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ደርሶ፣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ጎማውን ሊያሳርፍ ሲል ግማሽ ሰከንድ ቀጥ። ግማሽ ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል። በ120 ኖት ፍጥነት የሚያርፍ አውሮፕላን በሰከንድ 60 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ አዘዞ ደግሞ ወደ 2 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ መሬት ላይ ሲለካ ፍጥነቱ ከዚያም ይበልጣል። ልጁ ከ30 ሜትር በላይ ዓይኑን ተጨፍኖ ሄደ ማለት ነው። ሥዕሉ ሲመለስ አውሮፕላኑ ሣር ውስጥ ነበር። መሪውን ቀስ ብሎ ለቀቀውና ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። ገንዘቡን ልመልስለት ብል እምቢ አለኝ።

አሁን ወደ ጸሐፊው ልመለስ። ትዕግሥት የላቸውም ያሏቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ የሚያውቁ አልመሰለኝም። በረራ ሲሙሌተር የሚጫወት ሰው ሞተር ለማስነሣት ሃያ ደቂቃ ቁልፍ ሲነካ የሚቆይ ሰው ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አውቶፓይለት ላይ አድርጎ ደመና ያያል። አይተኩስም፣ ጎል አያገባም፣ ምንም አይሆንም። አንድ ደንበኛዬ ከአዲስ አበባ ሎንዶን በእውነተኛው ሰዓት ካልበረርኩ ብሎ ሱቄን ቀኑን ሙሉ ይዞብኛል፣ ምሳውን እዚያው በልቶ። ከጨዋታ ሰው ሁሉ ታጋሽ ቢባል ይህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ተቆጥቶ ሲጮህ "ልጅነት ነው" ብሎ ማለፍ አይገባም። ዝምተኛ ጎረቤትህ አንድ ቀን በርህን ቢደበድብ እሳት ተነሥቶ እንደሆነ ወጥተህ ታያለህ እንጂ "ምን ያለ ረባሽ ነው" አትልም።

"ጨዋታ ነው እኮ" ለሚለውም መልስ አለኝ። ኤድዊን ሊንክ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1929 የበረራ ማሠልጠኛ ሳጥኑን ሲሠራ ቤተሰቡ ኦርጋን የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካ ስለነበረው ሳጥኑን የሚያወዛውዘው የኦርጋን ወናፍ ነበር፤ እኛ አገር አንጥረኛ ብረት የሚያግልበት ዓይነት ነገር። መጀመሪያ ማን ገዛው? የመዝናኛ ቦታዎች! ለልጆች መጫወቻ ነበር የመሰላቸው። እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካ ጦር ፖስታ እንዲያመላልሱ የታዘዙ አብራሪዎቹ በመጥፎ አየር እየተከሰከሱ ሲያልቁበት ነው ስድስቱን የገዛው። ትናንት መጫወቻ ያሉት ነገር ነው የሰው ሕይወት ያተረፈው። ያ የ12ኛ ክፍል ልጅም እግዚአብሔር ቢፈቅድ አንድ ቀን እኔንም እናንተንም ይዞ አዘዞ ያርፋል፣ እና አስተራረፉን መቁረጥ በሚያበዛ ሥዕል ባይማረው ደስ ይለኛል።

ታገሡ ማለት ፈጽሞ ስሕተት ነው አልልም። እድሜዬ ስለፈቀደ አስታውሳለሁ፣ የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ የዚያን ጊዜ ጥሩ የተባለ ማሽን ሁሉ ያቃስትበት ነበር። ሠሪዎቹ ፕሮሰሰር ወደፊትም በአንድ ኮር እየፈጠነ ይሄዳል ብለው ነበር የገመቱት፣ ገበያው ደግሞ ፍጥነቱን ትቶ ኮር ወደ ማብዛት ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ባወጡት ማሻሻያ ብዙ ኮር እንዲጠቀም አደረጉትና ሰው ተነፈሰ። ከዚያ በኋላ ማሽኖቹም ደረሱበት፣ ሰዎች ከአሥር ዓመት በላይ በረሩበት። ያን ጊዜ የታገሠ አልከሠረም። ግን ልብ በሉ፣ ያ ሁሉ የሆነው ሰው ዝም ስላለ አይመስለኝም። ሰው ጮኸ፣ ቁጥር እየጠቀሰ፣ "እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ሆነ" እያለ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ሃያ ዓመት ሆኖታል። የያኔዎቹ የሚመጣውን አላወቁም ነበር እንበል፤ ዛሬ በብዙ ስልክ ውስጥ ስምንት ኮር ባለበት ዘመን ወጡን ለአንዲት ሴት ጥሎ መሄድ ምን ይባላል?

ሌላም ልጨምር። ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም የወጣው የ2024ቱ የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር በመጀመሪያው ቀን ሰርቨሩ ተጨናንቆ ብዙ ሰው መግባት አቅቶት ነበር። ያን ጊዜ ኃላፊዎቹ ቶሎ ብለው ወጥተው በቪዲዮ ይቅርታ ጠየቁ፤ በ200 ሺህ አስመሳይ ተጠቃሚ ፈትነነው ነበር፣ እውነተኛው ሰው ሲመጣ ግን መረጃ የሚያቀብለው ክፍል አልቻለም ብለው በዝርዝር አስረዱ። ሥራቸው ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሰው ግን ምን እንደተበላሸ ሲነገረው ጊዜ ይሰጣል። እኔ የገዛሁት ግን እስከ ዛሬ "ልምዳችሁን ለማሻሻል እየሠራን ነው" ከማለት ሌላ ነገር የለውም። ልምዴ ምን ሆነና ነው የሚሻሻለው? የተበላሸው ፍሬሙ ነው!

ደግሞ በእኛም በኩል አጥፊ አለ። አንዳንዱ ጨርሶ ሳይገዛው "ቆሻሻ ነው" ብሎ ይጽፋል። ሌላው የቤት ዋጋ የሚያወጣ ማሽን ላይ ተቀምጦ "ለእኔ ይሠራል፣ እናንተ ድሆች ናችሁ" ይላል። ሁለቱም አይጠቅሙንም፣ ሁለተኛው ግን የበለጠ ያናድደኛል።

ምን ቢሆን ይታገሣሉ ካላችሁኝ፣ ብዙ ነገር እንታገሣለን። ምሳሌ ልስጣችሁ። በዚህ ሲሙሌተር ላይ የፋሲል ግንብ ግንብ አይደለም። ከሳተላይት ፎቶ ላይ ቤቱን ኮምፒውተር ገምቶ ነው የሚሠራው፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የቆመውን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ዩኔስኮ የመዘገበውን፣ ማዕዘኑ ላይ አራት ክብ ግንብ ያለውን ቤተ መንግሥት ባለ ሦስት ፎቅ ኮንዶሚኒየም አድርጎታል፣ ከላይ ቆርቆሮ። አፄ ፋሲል ቢያዩት ምን ይሉ ነበር? እኛ ግን ሳቅን። አንዱ ልጅ "ስንተኛ ብሎክ ነው ዕጣ የወጣልን" አለ። ስለ ግንቡ ማንም ሰው ተቆጥቶ አያውቅም፣ አንድ ቀን ያስተካክሉታል ወይም ከተማችንን የሚወድ አንድ ልጅ ራሱ ይሠራዋል። ተራራው ደግሞ አንጀት ያርሳል፤ ከጎንደር ወደ አክሱም ስትበር 4 ሺህ 500 ሜትር የሚያልፈው ራስ ዳሽን ልክ ቦታው ላይ ነው፣ የስሜን ገደል ማታ ፀሐይ ሲያገኘው ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ለዚህ ብለን ነው እኮ ያልመለስነው። ገንዘባችንን ማስመለስ የሚቻልበት ሁለት ሰዓት ያለፈውም ቦሌ ላይ ቅንብር ስንነካካ ነው።

የማንታገሠው ሲዋሹን ነው። መሸጫ ገጹ ላይ "ዝቅተኛው መመዘኛ" ብለው የጻፉት ማሽን የእኔ ማሽን ነው፤ እንዲያውም የእኔ ይሻላል። በዚያ ማሽን ቦሌ ላይ ቆመው ሞክረውት ቢሆን ኖሮ ያንን አይጽፉም ነበር፣ ከሞከሩትና ከጻፉት ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ገና ነው፣ ስድስት ወር ቆዩ ቢሉን ማን ይሞት ነበር? አላለቀም ብለው በግማሽ ዋጋ ቢሸጡት ደግሞ እኔ ራሴ እገዛው ነበር፣ እንቁላል መሆኑን አውቄ። በሙሉ ዋጋ ሸጦ "ታገሡ" ማለት ግን ትዕግሥትን ራሱን አብሮ መሸጥ ነው። ትዕግሥቱ የእኔ ነው፤ ስፈልግ እሰጣለሁ፣ ሻጩ ሊጠይቀኝ አይችልም፣ የጋዜጣችሁ ጸሐፊም በአክብሮት ልበልና ስለ ሻጩ ሆነው ሊጠይቁኝ አይችሉም።

ማታ አንድ ማሻሻያ ለቅቀዋል፣ 18 ጊጋባይት ነው። "የአፈጻጸም ማስተካከያዎች" ይላል፣ ምን እንደተስተካከለ አይልም። ልጁ ሰምቶ ዛሬ ከትምህርት ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ "ጋሼ፣ ደረሰ?" ብሎኝ ሄዷል። ይህን ስጽፍ 61 በመቶ ላይ ነው፤ መብራት ካልሄደ ነገ ጠዋት ቦሌ ላይ ቆመን ፍሬሙን እንቆጥራለን።

አክባሪያችሁ
ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ ከጎንደር ፒያሳ