ፊኒክስ ለምን አይሄዱም ላልከኝ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፣ ተመስገን። ለናቫሆዎች፣ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ የመብራት ሙያ ስለማስተማሬ ባለፈው በስልክ ያልከኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። "ሥራ በሌለበት ቦታ ሙያ ማስተማር ምን ይሠራል? አንተ ሥራ ፍለጋ ውቅያኖስ ተሻግረሃል፤ ናቫሆዎቹ ሥራ ወዳለበት ከተማ፣ ፊኒክስ፣ መሄድ ምን ከበዳቸው?" ነበር ያልከው።

ሄደው አይተውታል። በ1956 (በፈረንጆቹ) በወጣ ሕግ መንግሥት ነባር ሕዝቦችን ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ቺካጎና ዴንቨር እየወሰደ ሙያ ያስተምር ነበር። ቲኬት ይቆርጥላቸዋል፣ ለጥቂት ጊዜ ቀለብ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ እንደፍጥርጥራችሁ ነው። ብዙዎቹ ተመለሱ። እኔን ደግሞ ማንም ቲኬት ይዞ ቤቴ አልመጣም፤ በራሴ ፈቃድ ነው የወጣሁት። ስወጣም አገሬ ቦታዋ ነበረች። ናቫሆዎቹ ግን በ1864 በወታደር ተነድተው ወደተባረሩበት መሬት ነው በ1868 ውል ተፈራርመው የተመለሱት። ሰው እንዲህ ያገኘውን መሬት ለደሞዝ ብሎ ቶሎ አይለቅም።

ለዚህ ነው ትምህርቱን ራሳቸው ወደ መሬታቸው ያመጡት። በ1979 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ክራውንፖይንት በምትባል ቦታ ለሥራ አጦች የከፈቱት ማሰልጠኛ በ2013 ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ብየዳና አናጢነት ግን ዛሬም ያስተምራል። ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። የኛ ሰው ቢሆን ዩኒቨርሲቲ በተባለ ማግስት ብየዳውን ያፍርበት ነበር።

ሥራ የለም ያልከው ደግሞ ግማሹ ልክ ነው። ፔጅ በምትባል የአሪዞና ከተማ አጠገብ በናቫሆ መሬት ላይ ትልቅ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ነበር። አንተ ፊኒክስ የምትጠጣውን የኮሎራዶ ወንዝ ውኃ የሚገፋው ፓምፕ በሱ ኃይል ነበር የሚሠራው። በሺዎች የሚቆጠሩ የናቫሆ ቤቶች ግን መብራት አልነበራቸውም፤ ዛሬም የሌላቸው አሉ። ማመንጫው በ2019 ተዘጋ፤ አብዛኞቹ ሠራተኞች ናቫሆዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ከሌላ ስቴት የመጡ የመብራት ሠራተኞች ለቤቶቹ መስመር መዘርጋት ጀመሩ። ቤቶቹ ተራርቀው ስለተሠሩ ለአንድ ቤት ብቻ ብዙ ምሰሶ ይተከላል። እና ሥራውማ ሞልቷል፤ የጠፋው ከፋዩ ነው።

ተማሪዎቼን ብታያቸው! አንዱ በዕድሜ ይበልጠኛል። ኬብል ሲይዝ እኔ ነኝ ከሱ የምማረው፤ ክፍልፋይ ስጽፍ ግን ፊቱ ይጠቁራል። ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ በፈተና ነው። ስለዚህ ቮልቱንና አምፒሩን በሚያውቀው እጀምርለታለሁ፤ ሂሳቡ ከኋላ ይደርሳል። ዝናብ ሲዘንብ የአፈሩ መንገድ ጭቃ ስለሚሆን ግማሹ ክፍል ይቀራል። ለቅሶም አለ፣ በግም አለ። እንደ ሕፃን ስም እየጠራህ ከቀጣህ በሚቀጥለው ሳምንት አታገኛቸውም።

ለፋሲካ ስትመጣ ጋራዥ ውስጥ ያለውን አሮጌ ቴስተር አምጣልኝ። ፒንሳና ካቻቪቴም ካለህ ጨምርበት። እዚህ ለሁለት ሰው አንድ ነው የሚደርሰው።

አባትህ