የሐይቁ ዳርቻ ፕላን ከነዋሪው ጋር ይታይ

ክቡር አዘጋጅ፣

የሐዋሳ ከተማ የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሲከለስ ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው ሊመክርበት ይገባል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የሕዝብ ተሳትፎን በመርህነት ደንግጓል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የሐይቁ ዳርቻ ነው። ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የጥቁር ውሃ ወንዝም ሆነ የክረምት ጎርፍ ይዞት የሚገባው ደለልና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል፤ ይህን ደለል የሚያጣራው ረግረግ ለግንባታ ከተሰጠ ደግሞ ጉዳቱ በቀላሉ የሚመለስ አይሆንም። ውሃው ሲሞላ እስከ የት እንደሚደርስ፣ ዓሣው የት እንደሚራባ በአሞራ ገደል ጀልባቸውን የሚያስሩ አስጋሪዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ይህ ዕውቀት በካርታ ላይ ብቻ አይገኝም።

ስለሆነም ረቂቅ ካርታው የሰፈር ስሞች በግልጽ ተጽፈውበት በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ለ30 ቀናት ይለጠፍ፤ ከነዋሪው የሚቀርበው አስተያየትም ተመዝግቦ፣ ተቀባይነት ያላገኘው በምን ምክንያት እንደተተወ በጽሑፍ ይገለጽ።

አንድ ነዋሪ፣ ከሐዋሳ