ሳንቲማችን እንደገና ያናግረን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገችኝ የሰባት ዓመት ልጄ ናት። ባለፈው ሰሞን ከመሳቢያ ያገኘቻትን አንዲት አስር ሳንቲም ይዛ ሱቅ ሄደች። ባለሱቁ "ይሄ አይሠራም" ብሎ መለሳት። ቤት ስትገባ ከፍቷት ነበር። ጭኔ ላይ ተቀምጣ ሳንቲሟን ታገላብጥ ጀመር። የአንበሳውን ራስ አወቀችው። በሌላው ገጽ ያለውን ደጋ አጋዘን "ፍየል" አለችው። ከዚያ በጣቷ እያሳየችኝ "ይሄስ ምንድን ነው የተጻፈው?" አለች። ፲፱፻፷፱ ይላል።

አነበብንላት። ፲ አስር፣ ፱ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፷ ስልሳ፣ ፱ ዘጠኝ። አስራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ። ልጄ ስትደሰት ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ከቤተ ክርስቲያንና ከግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ውጭ የግእዝ ቁጥር በየቀኑ እጃችን የሚገባው በሳንቲም ብቻ ነው። ግን ማን ያነበዋል? እኔም ሳላነበው ስንት ዓመት በኪሴ ተሸክሜዋለሁ።

1969 ደርግ አዲስ ሳንቲም ያወጣበት ዓመት ነው። የንጉሡ ምስል ወረደ። ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳም ዘውዱንና መስቀሉን ትቶ ራሱ ብቻ ቀረ። በጀርባው የተሳሉትን እስቲ ልብ በሏቸው። በአንድ ሳንቲሙ ላይ በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ አለ። በአምስቱ ላይ ወታደር። በአስሩ ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው፣ የባሌና የአርሲ ተራሮች ደጋ አጋዘን። በሃያ አምስቱ ላይ እጃቸውን ያነሱ ወንድና ሴት። በሃምሳው ላይ ሰብሰብ ብለው የቆሙ ሰዎች። ዘመኑ ምን ያስብ እንደነበር ከአዋጁ ይልቅ ከዚህ ይነበባል። ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው አጋዘኑ ነው። መፈክር የለውም። ቀንዱን ይዞ ቆሟል፣ በቃ።

ግን 1969 የሚለው ቁጥር አንድ ነገር ይደብቃል። ብዙዎቹ ሳንቲሞች የተሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ዓመቱ ግን ሳይነካ ለረጅም ጊዜ ቆየ። በፊትም እንዲሁ ነበር። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች 1936 የሚል ዓመት ይዘው ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲሠሩ ኖረዋል። አያቶቻችን "ማርትሬዛ" ወይም "ጠገራ" የሚሉት ብርማ ከሁሉም ይብሳል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በፈረንጅ 1780 ሞተች። ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይ ሳይቀር ሲመታ ኖረ። እኛ አገር ሰው ሲቀበል የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥና የዘውዷን ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር። ጎደለ ካለ አይቀበልም። ብዙው ቀልጦ የአንገት መስቀልና የእጅ አምባር ሆኗል። የሌላ አገር ንግሥት ናት፣ የእኛን አገር አይታ አታውቅም፣ ግን የገበሬው ቋት ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሰው ለማያውቀው ፊት እንዲህ ያለ እምነት የሰጠው ዓይኑ ስለለመደው ነው።

አፄ ምኒልክ ይህን ለመቀየር የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመቱ። የመጀመሪያው 1887 ዓ.ም. የሚል አለው። ክብደቱ እንደ ጠገራው 28 ግራም ገደማ ነው። በአንድ በኩል ዘውድ የደፉት ንጉሥ፣ በሌላው ሰንደቅ የያዘ አንበሳ። በመጀመሪያዎቹ ላይ አንበሳው የፊት ግራ እግሩን ያነሳል፣ በኋለኞቹ ላይ ቀኙን። ሥራው ያምራል። ገበያው ግን ከጠገራው ጋር ለብዙ ዘመን አልተለያየም። ከታች ደግሞ አላድ፣ ሩብ፣ ቤሳ ነበሩ። ዛሬ ቤሳን ያየ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ "ቤሳ ቤስቲን የለኝም" የማይል ግን የለም። ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲጀመር ሳንቲም እየወረወርን "ዘውድ ወይስ ጎፈር?" የምንለውም ከዚያ ዘመን የመጣ ይመስለኛል። ዘውዱ ከሳንቲሙ ከወረደ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗል። ልጆቹ ግን አሁንም "ዘውድ!" ይላሉ።

ስለ 1936ቱ ሳንቲሞች ብዙ አልልም። ያገለገሉት ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ለጀመረው የብር ሥርዓት ነው፣ ብር በመቶ ሳንቲም ለተቆጠረበት። ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ማዕድን የተሠራ ነበር። ሃያ አምስቱ መጀመሪያ ድፍን ክብ ሆኖ ወጣ፣ በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተሠራ። እናቴ ያንን ስሙኒ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትለየው ነበር። ስሙኒ፣ ሽልንግ፣ ድምቡሎ የሚሉት ስሞችም ከአፏ አይጠፉም ነበር። አሁን ለልጄ አንዱንም ስም ማስረዳት አልቻልኩም።

ዋናው የምጽፍበት ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ያለው ነው። ስለ አክሱም ነው።

አክሱም በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን የራሷን ገንዘብ መምታት ጀመረች። በወርቅ፣ በብር፣ በኋላም በመዳብ። ንጉሡን በግራና በቀኝ የእህል ዛላ ያቅፈዋል። ከላይ ጨረቃና ክብ ነበረ። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ያ ቀርቶ መስቀል መጣ። አንጥረኞቹ በብርና በመዳቡ ላይ ትንሽ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ያንን በትንሿ መዳብ ላይ የሠራ እጅ ምን ያህል የሠለጠነ እንደነበር አስቡት። የእህሉ ዛላ ከዚያ በኋላ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ አልፎ በአንድ ሳንቲሙ ላይ እንደገና ገበሬና በሬ ሆኖ መምጣቱ ደስ ይለኛል። ሠሪዎቹ አስበውት ይሁን አይሁን፣ አገሩ ግን ያው ነው።

የወርቁ ገንዘብ ጽሑፍ ግሪክኛ ነበር። ምክንያቱም በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ ውጭ የሚሄደው እሱ ነው፣ እስከ ሕንድ ድረስ ተገኝቷል። መዳቡ ግን እዚሁ ቀረ። የገበያ ሰው የሚይዘው እሱን ነው። እና በዚያ በመዳቡ ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አለ። ትርጉሙ "ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ" ነው። በኋላ ዘመን የነበረው ንጉሥ አርማህ ደግሞ በግእዝ "ደስታ ለሕዝቦች ይሁን" የሚል መልእክት አስቀርጿል።

እስቲ ይህንን ደግማችሁ አንብቡት። ንጉሥ ነው፣ ጦር አለው፣ ባሕር ማዶ የሚታወቅ ወርቅ አለው። ርካሹን መዳብ ለሚይዝ ሰው ግን ምርቃት ጻፈለት። እህል ሊሸምት የወጣ ሰው በመዳፉ ላይ ምርቃት ይዞ ይሄድ ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የዛሬው ሳንቲማችን ምን ይለናል? የአገሩን ስም፣ ዋጋውን፣ ዓመቱን። ይሄው ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ባለ ሁለት ቀለሙ የአንድ ብር ሳንቲም ሚዛን አለው፣ ሥዕሉ ጥሩ ነው። ግን ሚዛኑም ዝም ብሏል።

በ2013 ዓ.ም. የብር ኖቶቹ ሲቀየሩ አምስት ብርም ቀስ በቀስ ወደ ሳንቲም እንደሚዞር ተነግሯል። ስለዚህ ለሚመለከታቸው በጋዜጣችሁ በኩል ጥያቄዬ ይድረስልኝ። አዲስ ሳንቲም በሚሠራበት ጊዜ፣ ያ የአክሱም ምርቃት ይመለስ። በጠርዙ ላይም ቢሆን ይበቃል። "ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ"። አራት ቃል ነው። ወጪው ከምንም አይቆጠርም፣ ቅርጹ አንዴ ከተሠራ ለሁሉም ያገለግላል። ሃይማኖት ሳይለይ፣ ብሔር ሳይለይ ሁሉንም ይመርቃል። የተጻፈውም ከውጭ የተቀዳ አይደለም፣ የራሳችን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ዓመቱ ነው። ሳንቲሙ የተሠራበት ትክክለኛ ዓመት ይጻፍበት፣ በግእዝ ቁጥር። ዓመት ሲቆም ሳንቲሙ ለታሪክ ምስክርነቱን ያጣል። ልጄ በተወለደችበት ዓመት የተሠራ ሳንቲም ፈልጌ ለልደቷ ልሰጣት ብል በዓመቱ ለይቼ ማግኘት አለብኝ።

ሳንቲሙ ዋጋው ወድቋል፣ ለሥዕሉ ማን ግድ ይሰጠዋል የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። አስር ሳንቲም ዛሬ ምንም እንደማይገዛ ባለሱቁ ለልጄ ነግሯታል፣ እውነቱን ነው። ግን የአክሱሙም መዳብ በዘመኑ ትልቅ ነገር አይገዛም ነበር። ምርቃቱ የተጻፈበት ግን እሱ ላይ ነው።

ልጄ አሁን ሳንቲሞቹን በአንዲት ቆርቆሮ ታጠራቅማለች። አንድ ሳንቲምና ሃምሳው ጎድሎባታል። የቤታችንን መሳቢያ ሁሉ ፈትሸን አላገኘንም። ከአንባቢያን መካከል በየቤቱ የተረሳ ካለ እባካችሁ አትጣሉት፣ ለልጆቻችሁ አሳዩዋቸው። ቁጥሩን አብራችሁ አንብቡላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ