የጊታር አንገት ለምትጀምሩ

ሰላም ቤተሰብ! የኤሌክትሪክ ጊታራችሁን አንገት ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ የፍሬቶቹን (አንገቱ ላይ በአግድም የሚገቡትን ቀጫጭን ብረቶች) ቦታ በዓይን ግምት አትቁረጡ። የክሩ ርዝመት (አንገቱ ጫፍ ካለው የክር ማረፊያ እስከ ጊታሩ አካል ላይ ያለው ማረፊያ) 648 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለ17.817 አካፍሉት፤ 36.37 ይመጣል፣ ከአንገቱ ጫፍ ማረፊያ ተለክቶ የመጀመሪያው ፍሬት እዚያ ነው፣ ከዚያ የቀረውን ርዝመት ለዚያው ቁጥር እያካፈላችሁ፣ የሚመጣውን በፊተኛው ላይ እየደመራችሁ ትቀጥላላችሁ። 12ኛው ልክ መሃል፣ 324 ላይ መውደቅ አለበት። ምልክት ስታደርጉ ግን ሁሉንም ከአንድ መነሻ፣ ከአንገቱ ጫፍ ማረፊያ ለኩ፤ ከፍሬት ወደ ፍሬት ከተለካ ትንሿ ስህተት እየተጠራቀመች ድምፁን ታበላሸዋለች።

እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ እርጥብ ከሆነ በኋላ ይጣመማል። የኩዊን ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ከአባቱ ጋር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው ጊታር አንገት በቤት ውስጥ ከእሳት ምድጃ በላይ ከሚገጠም አሮጌ የእንጨት መደርደሪያ የወጣ ነው፣ እስካሁን ይጫወትበታል! ስለዚህ አሮጌ የቤት ዕቃ ስታገኙ ዝም ብላችሁ አትለፉ። የቆረጣችሁትን ፎቶ ላኩልን፣ ክር ከመወጠሩ በፊት አብረን እንየው።